ያልጠቆረው ወረቀት

ሄርሜላ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር ተፈልቅቆ ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኘችው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ግን የተበረበረ ነገር አልነበረም። ላፕቶፑ አለ፣ ካሜራው አለ፣ ከወርቅ የሚወደደው የፕላቲነም ብልቃጥም ከመደርደሪያው አልተነቃነቀም። የጎደለው አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው፤ በአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ከስንትና ስንት ዘመን በፊት የተነሱ የመስታወት ኔጋቲቮች የሚቀመጡበት ሳጥን።

ኢንስፔክተር ሙሉአለም ቁጢጥ ብሎ ጓጉንቸሩን በእስክሪብቶ ገለበጠው። ሰውየው ከደብረ ብርሃን ጅግጅጋ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ የሚታማው በአንድ ነገር ነው፤ አይቸኩልም። ጣቢያው ውስጥ "ሙሉአለም የሚጠይቀው ተጠርጣሪ መጀመሪያ ያዛጋል፣ ቀጥሎ ይተኛል፣ ሲነቃ ያምናል" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

"ይሄ ሌባ ዋጋ አያውቅም" አለ ሳጅን ማሃድ። "ካሜራ ትቶ የድሮ መስታወት ይዞ ይሄዳል?"

"ወይ ደግሞ ከኛ የበለጠ ያውቃል።"

ሄርሜላ ፊዚክስ አስተማሪ ናት፣ የአዳማ ልጅ። በትርፍ ጊዜዋ ፎቶ የምታትመው በጥንቱ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱን ራሷ በፕላቲነም ፈሳሽ ትቀባለች፣ ኔጋቲቩን ትጭንበታለች፣ ጣሪያ ላይ አውጥታ ለፀሐይ ትሰጠዋለች። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን አላት።

"ሌላ ቅጂ የላቸውም" አለች። "ጠፉ ማለት ጠፉ ነው።"

"ግቢው ውስጥ ማን ማን ይገባል?"

"እኔ። አብሮኝ የሚሠራው በኃይሉ። ዘበኛው ሂርሲ፣ እንደ አጎቴ 'አደር' የምለው። የሱ ልጅ ኢስራም ቤት ታጸዳልኛለች። ሌላ ሰው የለም።"

ማሃድ ከግድግዳው ሥር ጫፉ የተፋቀ ብረት አነሳ። የግቢው በር መወርወሪያ ነው፤ ቦታው ዘበኛው ክፍል ውስጥ ነበር።

ሂርሲ ሽበቱን በሂና ያቀላ፣ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፣ "አንቱ" የሚባል ነገር ግን አያውቅም። ሙሉአለምም ለምዶታል።

"ዛሬ ከበሩ ተነስተው ነበር?"

"ቀትር ላይ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄጃለሁ። ተመለስኩ። ሌላ የትም አልሄድኩም።"

"ልጅዎስ?"

"እሷ ቀትር ላይ ገበያ ነበረች። የሰርግ ዕቃ ትገዛለች።"

"በኃይሉ መጥቶ ነበር?"

"ረፋዱ ላይ መጣ። ጣሪያ ላይ ነበር። ከሶላት ከተመለስኩ በኋላ ወጣ፣ ባዶ እጁን። ሰላም ብሎኝ ሄደ። ጥሩ ልጅ ነው።"

"ይሄ ብረትስ?"

ሂርሲ ብረቱን አየው። "የኔ ብረት ነው" አለ፣ "ማን እንደወሰደው አላውቅም።"

ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ባለቤቱ አቶ ተሻለ ስኳር እየመዘነ ነበር። ሱቁን እንደ ከተማው ሁሉ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ስለዚህ ስለ ቀትሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ጠዋቱ ግን ያውቃል።

"ሂርሲን አይቼዋለሁ። ሄርሜላ ለሥራ እንደወጣች በሻሽ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ወደ ገበያው ሄደ። ጠፍጣፋ ነገር።"

"ምን ያህላል?"

ተሻለ በሁለት እጁ አሳየ። ማሃድ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞር አለ፤ ሄርሜላ የጠፋውን ሳጥን ስታሳያቸው እጇን የዘረጋችውም ይሄንኑ ያህል ነበር።

"አልተሳሳቱም?" አለ ሙሉአለም።

"ጌታዬ፣ ሂርሲ ወንድሜ ማለት ነው። ብሳሳት ደስ ባለኝ።"

ወደ ግቢው ተመልሰው ሲጠይቁት ሽማግሌው አልካደም፣ አላመነም። ዝም አለ። በሶማልኛ ጠየቁት፣ ዝም አለ። ምን ይዘህ ነበር፣ የት አደረስከው፣ ለማን ሰጠኸው? ዝም። የጣቢያው አዛዥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም፤ ሂርሲ ማክሰኞ ጠዋት ታሰረ።

"ዓርብ ልጁን ይድራል" አለ ማሃድ፣ የወተት ሻያቸውን ጣቢያው በር ላይ ሲጠጡ። "አፍደም ላይ ነው ኒካሁ። ሐሙስ ጠዋት ካልተነሳ አይደርስም። ባይደርስ እንኳ ወኪል ይሾማል፤ ችግሩ እሱ አይደለም። አባቷ በሌብነት ታስሯል የሚለው ወሬ ከደረሰ ግን የሙሽራው ሽማግሌዎች ተነስተው ይሄዳሉ።"

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ውሸት ይፈጥር ነበር።"

ሙሉአለም በዚህ ተስማማ። ዕድሜውን ሁሉ ከሌባ ጋር ሲውል፣ ምክንያት አጥቶ ዝም ያለ ሌባ አላጋጠመውም።

በኃይሉ ገበያው አጠገብ የጉርድ ፎቶ የሚያነሳበት ጠባብ ስቱዲዮ አለው። ዕድገቱ አዲጋላ ነው፤ አያቱ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የጣቢያ ሹም ነበሩ። ወንበር አወጣላቸው፣ ለስላሳ ጋበዛቸው። ስለ ሂርሲ ሲሰማ ከልቡ ያዘነ መሰለ።

"ሰኞ ቀትር ላይ የት ነበርክ?"

"ጣሪያ ላይ። ከረፋዱ ጀምሮ።"

"ምን ስትሠራ?"

"ሳትም ነዋ። መጀመሪያ የሙከራ ወረቀት ሠራሁ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ኅትመት። ወረቀቱ ተቀብቶ እስኪደርቅ፣ ፀሐይ እስኪመታው፣ እስኪታጠብ አንዱ ከሌላው ይያያዛል። ወረቀቱን ከፀሐይ የሚከልለውን ካርቶን በየደቂቃው ስለማንሸራትት ለሽንት እንኳ አልወርድም። ሁለቱንም ገመድ ላይ ሰቅዬአቸው ሄድኩ።"

ሄርሜላ ይሄን አረጋገጠች። ሰኞ ስትገባ ኅትመቱም የሙከራ ወረቀቱም ገመዱ ላይ እርጥብ እንደሆኑ አግኝታቸዋለች። ኅትመቱ ያማረ ነው፤ የአዲጋላ ጣቢያ፣ መድረኩ ላይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል።

ሙሉአለም የሙከራ ወረቀቱን አንስቶ አየው። አምስት አግድም መስመር አለው፣ ከሳሳ ግራጫ ጀምሮ እስከ ድፍን ጥቁር።

"ይሄ ነገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?" አለ። "ስንት ነው ብለሽ አትንገሪኝ፤ ሠርተሽ አሳዪኝ።"

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሦስቱም ጣሪያ ወጡ። የጅግጅጋ ንፋስ ከነአቧራው ጋብ ብሎ ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሄርሜላ ከውስጥ የቀባችውንና ያደረቀችውን ቢጫ ወረቀት ማተሚያው ፍሬም ውስጥ አስገብታ መስታወቱን አጠበቀችበት። ላዩ ላይ ጥቁር ካርቶን አስቀመጠች።

"የፀሐዩ ጉልበት በየቀኑ አንድ አይደለም" አለች። "ስለዚህ ከማተማችን በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ እንለካለን። ካርቶኑን በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ እስባለሁ። መጀመሪያ የተገለጠው ረጅም ጊዜ ፀሐይ ያገኛል፣ መጨረሻ የተገለጠው አጭር። ሲታጠብ ጥቁሩ ከዚህ በኋላ አይጨምርም የምንልበትን መስመር እንፈልጋለን። የሱ ደቂቃ ነው የዕለቱ ጊዜ። እዚህ ከተማ ቀትር ላይ ሁልጊዜ ከሳሳው በኩል ሦስተኛው መስመር ነው፣ ሦስት ደቂቃ።"

"የበኃይሉም ሦስተኛው ነው" አለ ሙሉአለም ወረቀቱን እያየ።

"አዎ፣ ልክ ነው።"

ካርቶኑን ሳበች፣ ጠበቀች፣ ሳበች። ጨርሳ ጨለማ ክፍል ገባችና ሞቅ ያለውን ፈሳሽ ወረቀቱ ላይ ደፋችበት። በዚህ ዘዴ ምስሉ በአንድ ጊዜ ነው ብቅ የሚለው።

ብቅ አላለም። አምስቱም መስመር ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሎ ቀረ።

"ምን ሆነ?" አለ ማሃድ።

"እኔ እንጃ።" ሄርሜላ ፊቷ ተለወጠ። "ፈሳሹን ነክቶታል! ሌባው ፕላቲነሙን ቀድቶ ውኃ ጨምሮበታል።"

ማሃድ ይሄን ሐሳብ ወደደው። ብልቃጡ ከወርቅ ከተወደደ ሌባው ለምን እንደተወው ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱ እየተጋገዙ ሌባውን ኬሚስት ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ሙሉአለም አዳመጣቸው፣ ከዚያ ያልተከፈተ ብልቃጥ እንዳላት ጠየቃት። ነበራት። ነገም በዚሁ ሰዓት እንሞክረው ተባብለው ተለያዩ።

ሙሉአለም ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ሂርሲን አየው። ሽማግሌው የቀረበለትን ምግብ አልነካም።

"አፍደም ይጠብቁዎታል" አለው።

"አውቃለሁ።"

"ይዘውት የሄዱትን ነገር ይንገሩኝና ይሂዱ።"

"ኢንስፔክተር፣ አንተ ሴት ልጅ አለህ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ተወው" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ያልተከፈተው ብልቃጥ ተከፈተ። አዲስ ወረቀት ተቀባ፣ ደረቀ፣ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ታጠበ። ያው ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት።

ሄርሜላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ሁሉንም ቀይሬዋለሁ! ወረቀቱ አዲስ፣ ፈሳሹ አዲስ፣ ማጠቢያው አዲስ። ፀሐዩ እንኳ ከትናንት ይበልጣል።"

"ያልቀየርሽው ነገር ምን ቀረ?"

"ምንም አልቀረም። ፍሬሙ ብቻ።"

"እሱንስ ብትቀይሪው?"

በትምህርት ቤት ቋንቋዋ ፍሬም ብርሃን አይበላም ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ሳሎን ወርዳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምርቃት ፎቶዋን አውርዳ መስታወቱን ፈታች። ይሄንኑ ሌላ የተቀባ ወረቀት ላይ ጭና በካርቶኑ እንደገና ለካች። ፈሳሹ ሲነካው ወረቀቱ እየጠቆረ ተነሳ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድፍን ጥቁር ሆነ፣ ከዚያ በኋላም አልጨመረም።

ሄርሜላ የማተሚያውን ፍሬም ብሎኖች ፈትታ መስታወቱን አወጣችውና ጠርዙን ወደ ፀሐይ አዞረችው። መካከሉ ላይ፣ እንደ ሳንዱች፣ ቀጭን መስመር አለው።

"ይሄ የኔ መስታወት አይደለም" አለች። "ሁለት መስታወት ነው፣ በመሃሉ ፕላስቲክ ያለው። ወረቀቱን የሚያጠቁረው ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው፤ ፕላስቲኩ እሱን ይዞ ያስቀረዋል። ለዓይን ግን ይኸው፣ ጥርት ያለ ነው! ማን ቀየረብኝ?"

ደረጃው ላይ ባልዲ ተንኳኳ። ኢስራ ስትወለውል ቆይታ ኖሮ ባልዲውን ጥላ ወደ ታች ሮጠች።

ሙሉአለም ወጥ ቤት ውስጥ አገኛት። ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። እጇ ላይ የሂናው ሥዕል ገና ትኩስ ነው። በሩን ክፍት ትቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለች። "እሁድ ማታ ስወለውለው ከእጄ ወደቀ። ሄርሜላ መስታወቱን ከውጭ እንዳስመጣችው አውቃለሁ። አለቀስኩ። አቦ፣ አባቴ፣ 'ማንም ከኔ አይሰማም' አለኝ። ሰኞ ጠዋት ፍሬሙን በሻሽ ጠቅልሎ መስታወት ቆራጩ ፋሩቅ ጋ ወሰደው። ወዲያው ተሠራ። በኃይሉ ሳይመጣ ቦታው አስቀመጥነው።"

"አባትሽ ሲታሰር ለምን አልነገርሽንም?"

"ልመጣ ነበር! ትናንት ምግብ ይዤ ስሄድ በጆሮዬ 'ብትናገሪ ልጄ አይደለሽም' አለኝ። ሙሽራ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች ከሚባል እሱ ሌባ ቢባል ይሻለዋል።" ተንሰቀሰቀች። "እኔ ግን አይሻለኝም።"

ኢንስፔክተሩ ሂርሲ ለምን ስለ ሴት ልጅ እንደጠየቀው አሁን ገባው።

"ቃልሽን እዚሁ ቤት መጥቼ ልቀበልሽ እችላለሁ" አላት። "አስቢበት።"

ፋሩቅ መስታወት ቆራጩ ሁሉንም ያስታውሳል። "ሂርሲ ሰኞ ሱቄን ገና ስከፍት መጣ። ተራ መስታወት ነበረኝ፣ ግን ለሱ ብዬ ጥሩውን ሰጠሁት። ለባንክ መስኮት ስንሠራ የተረፈ ነው። በመዶሻ ብትመታው አይበተንም! ሁለተኛ እንዳይሰበርባቸው ብዬ ነው።" ከዚያ ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ። "ምነው፣ መጥፎ ነው እንዴ?"

"በጣም ጥሩ ነው" አለ ሙሉአለም። "ማሃድ፣ አሁን በኃይሉ ጋ እንሂድ።"

"ሂርሲ ነጻ ወጣ፤ በኃይሉ ጋ ምን እናደርጋለን?"

"ስለ መስታወት እንጠይቀዋለን።"

በኃይሉ አንዲት ልጅ ጉርድ ፎቶ አንስቶ ሲጨርስ ጠበቁት። ልጅቷ ስትወጣ ሙሉአለም ሰኞ ገመድ ላይ የተገኙትን ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"እነዚህን ሰኞ ቀትር ላይ ነው ያተምካቸው?"

"አዎ።"

"በሄርሜላ ፍሬም?"

"ሌላ ፍሬም የለንም።"

"ሥራው አላስቸገረህም?"

"ምንም። ሦስት ደቂቃ፣ እንደ ሁልጊዜው።"

ሙሉአለም ከኪሱ ማክሰኞና ረቡዕ የወጡትን ሁለት የደበዘዙ ወረቀቶች አውጥቶ ከአጠገባቸው አስቀመጠ።

"የዚያ ፍሬም መስታወት ሰኞ ጠዋት ተለውጧል። አንተ ከመምጣትህ በፊት። አዲሱ መስታወት ወረቀቱን የሚያጠቁረውን ብርሃን አያሳልፍም፤ የሚያወጣው ይሄን ነው። ሄርሜላ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞክራ ልታብድ ደርሳ ነበር። ሰኞ በዚያ ፍሬም ያተመ ሰው ወይ ይራገማል፣ ወይ ስልክ አንስቶ ይደውልላታል። አንተ ግን ምንም አላስቸገረህም።"

በኃይሉ ወረቀቶቹን ተራ በተራ አያቸው። ባለሙያ ነውና ማብራሪያ አላስፈለገውም።

"ቅዳሜ ነው ያተምኩት" አለ በመጨረሻ። "ሰኞ ውኃ አርከፍክፌ ሰቀልኩት።"

"ሳጥኑስ?"

"ሂርሲ ለሶላት ሲወጣ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድ የማውቀው ሹፌር ሰጠሁትና ተመለስኩ። አዲጋላ እናቴ ቤት ደርሷል፤ አንድም አልተሰበረም።" ኅትመቱ ላይ ያለውን ባለኮፍያ ሰው በጣቱ ነካ። "ይሄ አያቴ ነው። መስታወቶቹን ስንት ዘመን አልጋው ሥር አስቀምጧቸው ኖሯል። አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የኤግዚቢሽኑ ጥሪ ሲታተም የሷ ስም ብቻ ነው ያለው። ያያቴም የለም፣ የኔም የለም።"

"ብትነግራትስ ኖሮ?"

"ራሷ እንድታስታውሰው ነበር የፈለግኩት።"

ሙሉአለም በዚህ ላይ አልፈረደበትም። ሰው በራሱ ነገር ሲረሳ ያመዋል፤ ይሄን ያውቃል። ሌላው ነገር ግን ደሙን አፈላው።

"ሽማግሌው ሲታሰር ዝም አልክ።"

"ይለቁታል ብዬ ነበር። ምንም ስለሌለበት ይለቁታል ብዬ..."

"ዓርብ ልጁን እንደሚድር ታውቃለህ?"

በኃይሉ አንገቱን ደፋ።

"ጥሪ ደርሶኛል" አለ።

ማሃድ ካቴናውን ሲያስገባለት ከወትሮው ጠበቅ አደረገበት። ሙሉአለም አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ጣቢያ ሲደርሱ ሂርሲ ከክፍሉ እንዲመጣ ተደረገ። ስለ በኃይሉ ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀ፣ አልተሳደበም።

"በቃ፣ ልሂድ?"

"አንድ ቃል ብቻ ይቀራል" አለ ሙሉአለም። "መስታወቱን ወደ ፋሩቅ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ማን ሰበረው?"

"እኔ።"

"አደር ሂርሲ።"

"እኔ ሰበርኩት። ጻፍ።"

"ውሸት አልጽፍም።"

"እንግዲያው መልሰኝ ወደ ውስጥ" አለና ተነሳ።

በዚህ መሃል ኢስራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተራ ጠባቂው፣ ዘብ የቆመው ፖሊስ፣ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣው ሰው ሁሉ ያያታል። ሂና የተቀባ እጇን አልደበቀችም።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለች። "ቃሌን ልሰጥ ነው የመጣሁት።"

ሂርሲ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "ኢስራ! ምን አደረግሽ? ኸሊፍ ቢሰማስ? ዘመዶቹስ?"

ከኋላዋ አንድ ረጅም ወጣት ብቅ አለ፣ የመኪና ቁልፍ ይዟል።

"አደር፣ ሰምቻለሁ" አለ ሙሽራው ኸሊፍ። "ከፖሊስ በፊት የነገረችው ለኔ ነው። ያመጣኋት እኔ ነኝ። አጎቶቼ መኪና ውስጥ ናቸው፤ እናንተ ሳትመጡ አፍደም አንሄድም ብለዋል።"

ሽማግሌው እጁን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ ቆየ። ማሃድ ለመጻፍ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ፣ ማንም ፊቱን እንዳያየው ይመስላል፣ ጠንከር ባለ የቢሮ ድምፅ መጠየቅ ጀመረ።

"ስም?"

"ኢስራ ሂርሲ።"

"ሥራ?"

"ቤት አጸዳለሁ።"

"የጋብቻ ሁኔታ?"

ኢስራ ቀና ብላ አባቷን አየች። ሂርሲ ፊቱን በሻሹ ጠርጎ ወደ ጠረጴዛው ቀረበና ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠ።

"ያላገባች በል" አለው። "እስከ ዓርብ።"